ባለቤቱ ያልወሰደው ኮት

ለውድ ደንበኞቼ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለሥጋ ዘመዶቼ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፦

ከዛሬ ሦስት ወር በፊት ከዋለው ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የምለብሰው ኮት የራሴ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። ሱሪውም የራሴ ነው። ቀበቶውን በተመለከተ ማጣራቱ ቀጥሏል። ማስታወቂያው የዘገየው አስታዋቂው ስላፈረ ነው።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስለፈልፋል? ሰው ሁሉ የራሱን አይደል የሚለብሰው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ የሰው ልብስ ለብሼ ኖሬያለሁ። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። ግን ይህን ካልተናገርኩ ያቺን ልጅ እንዴት እንዳገኘኋት፣ እንዴትም እንዳሳፈርኳት መናገር አልችልም።

በመጀመሪያ፣ ሌባ አይደለሁም።

በየልብስ ስፌት ቤቱ አንድ ቁምሳጥን አለ፤ ያልተወሰዱ ልብሶች የሚሰቀሉበት። ሰው ይመጣል፣ ይለካል፣ ጨርቅ ይመርጣል፣ «ለቅዳሜ ካላደረስክልኝ ሞቼ ነው የምታገኘኝ» ይላል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን የለም። አንዱ በመሀል ይወፍርና ያፍራል። አንዱ ሊቀጠር ያሰበበት ሥራ ይቀርበታል። አንዱ ሙሽራ መሆኑ ይቀራል። ደረሰኛችን ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ከስድስት ወር በላይ ላልተወሰደ ልብስ ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። ድርጅቱ ኃላፊነቱን አይወስድም። ልብሱን ግን እኔ እወስደዋለሁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ነፍስ ይማር፣ «ለራሱ የሚሰፋ ሰፊ የደንበኛውን ቀን ይበላል» ይሉኝ ነበር። ይህን ሲሉ በልካቸው ቁጭ ያለ ባለ ሦስት ቁልፍ ኮት ለብሰው ነው፤ እኔ ግን አፋቸውን እንጂ ኮታቸውን አላየሁም። ቃሉ ተስማማኝ። ከእሳቸው በፊት፣ በዘጠኝ ዓመቴ፣ እናቴ የትምህርት ቤት ልብስ ላሰፋለት ስትል አክስቴ «ለዚህ ደግሞ አዲስ ጨርቅ ምን ያደርግለታል? የወንድሙ አይበቃውም?» ብላ ነበር። ለክፋት አልነበረም። አክስቴ ነገሩን ሻይዋን ሳትጨርስ ረስታዋለች። እስከ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ከእሷ ጋር ስስማማ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የአንድ አጭር የሒሳብ ሠራተኛ ሱሪ ነበረኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን ብርድ ይመታዋል። የአንድ ወፍራም ባለሱቅ ሸሚዝ ነበረኝ፤ ትርፉን ከኋላ በስድስት ስፒል ሰብስቤ ኮት እደርብበታለሁ። ግራጫው ኮት ደግሞ ግራ ትከሻው ወረድ ላለ አስተማሪ የሰፋሁት ነው። እሱ ላይ ልክክ ይል ነበር። እኔ ስለብሰው በግራ በኩል ይሸበሸባል፤ እንዳይሸበሸብ ትከሻዬን ጣል አደርጋለሁ። ሌላው ሰው ኮቱን በራሱ ልክ ያሰፋል፤ እኔ ራሴን በኮቱ ልክ ሰፋሁ።

እሷ የመጣች ቀን የለበስኩት ይህንኑ ነበር።

ነጭ የሥራ ጋወን ይዛ መጣች፤ ታቹ ረዝሞባታል። እንድትለብሰው አድርጌ፣ ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ፣ ተንበርክኬ ዙሪያውን ማጠፍ ጀመርኩ። በመስታወቱ ጋወኑን የምታይ መስሎኝ ነበር። ለካ የምታየው እኔን ነው።

«ቀና ይበሉ» አለችኝ።

ዞር በልልኝ ያለችኝ መሰለኝ። በጉልበቴ እየዳኽኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ስፒሎቹ ወለሉ ላይ ተዘሩ። ለስፒሎቹም ይቅርታ ጠየቅኩ።

ሣቀችና አብራኝ ለቀመች። ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ባለው ክሊኒክ እንደምትሠራ፣ ወገባቸው የተያዘ፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ያለ ሰዎችን በእጇና በእንቅስቃሴ እንደምታክም ነገረችኝ። ጥግ ላይ ቆመው የሚተኩሱልን ሴትዮ አሉ። እትዬ ካውያ እንላቸዋለን፤ ከካውያቸው ምላሳቸው ይግላል።

«ወጌሻ ነኝ አትይም?» አሏት።

«ወጌሻ እንኳን አይደለሁም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።»

«ስሙ ሲረዝም ሕመሙ ያጥራል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት ወጌሻዋ ሆና ቀረች። ኋላ ኋላ ራሷም ስትደውል «ወጌሻዋ ነኝ» ትል ጀመር።

ልትወጣ ስትል ግራ ትከሻዬን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ ከመቼ ጀምሮ እንደወደቀ ጠየቀችኝ። ተፈጥሮዬ ነው አልኳት። ኮቱን አውልቄ እንዳሳያት ፈለገች።

«አይሆንም» አልኩ። «ከሥር ስፒል አለብኝ።»

ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሣቀች። በሕይወቴ ሴት ሳሥቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ያውም እውነት ተናግሬ።

በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ሰባት ቁልፍ ተበጠሰባት። አንዱን ስተክልላት ሌላው ይወድቃል። እኔ ስለ ክር ጥራት መውደቅ ረጅም ትንታኔ ሰጠኋት። እትዬ ካውያ ግን መነጽራቸውን አጥልቀው ሰባተኛውን ቁልፍ ከነክሩ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት።

«ይሄ በመቀስ የተቆረጠ ነው» አሉ። «ወይ ይህች ልጅ ቁልፍ ጠልታለች፣ ወይ አንተ ደንቆሮ ነህ።»

ሦስት ቀን አሰብኩበት። የመጀመሪያው ይበልጥ አሳማኝ ሆኖ አገኘሁት። በአራተኛው ቀን ግን ሻይ እንጠጣ ወይ አልኳት።

«ደግ አደረጉ» አለች። «ቁልፍ አልቆብኝ ነበር።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ስለ ክር አወራኋት፤ ስለ አንዲት ወይዘሮ ውሻ ልብስ መስፋቴንም ነገርኳት። ስለ ክር ሲወራ ዓይኑን ሳይነቅል የሚሰማ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ከዚያ ምን ላይ ጎበዝ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

«የቁልፍ ቀዳዳዬ ንጹሕ ነው ይላሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«ደንበኞች።»

«አንተስ?»

«እርስዎ» ከመካከላችን ተነስቶ ሲወጣ ሰማሁት። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሁሉ የሰማሁ መሰለኝ። ከደስታዬ የተነሳ ሻዬን ያለ ስኳር አማሰልኩ። እሷም አላስጨነቀችኝ። ዓይኗን ወደ ግራጫው ኮት መልሳ ስፌቱ እንደሚያምር ነገረችኝ፤ ራሴ የሰፋሁት መሆኑንም ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። ሰው ዕዳ ውስጥ የሚገባው በእንዲህ ዓይነቷ ትንሽ «አዎ» ነው።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ከሥራ ስትወጣ እቀበላታለሁ፤ በእግራችን እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ታጭታ እንደነበረና እንደቀረ ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ቀን መንገድ ስንሻገር እጄን ያዘች፤ ከተሻገርን በኋላም አለቀቀችም። እኔ ግን ልቤ ደስ ባለው ቁጥር «ይህ ሁሉ ለእኔ ነው?» እያልኩ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር፤ ለሌላ ሰው የመጣ መልእክት በስህተት እንደደረሰው ፖስተኛ።

አንድ ቀን እናቷ ሊያዩኝ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ለምሳ፣ እሑድ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሦስት ሳምንት!

በዚያው ቀን ቡናማ ጨርቅ ገዛሁ። ለራሴ። ሻጩ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ለደንበኛ ነው አልኩት።

በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ልብስ መጣ። በሁለተኛው አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ መጣ። እንዲህ ነው ለሰው የምናገረው። እውነቱ ግን በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ሱቁ ባዶ ነበር። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጠመኔ ያዝኩ። ልኬን ላይ ብዬ የልክ ደብተሩን ገለጥኩ። አራት መቶ ሰው አለበት። የወይዘሮዋ ውሻ ሳይቀር አለች፤ ደረት ሃምሳ ሁለት። እኔ የለሁም።

ጠመኔው እጄ ላይ ላበ። ለዚህ ደግሞ አዲስ ጨርቅ... ብሎ ውስጤ ጀመረ። ጨርቁን መልሼ አጠፍኩት። እትዬ ካውያ አዩኝ፤ ምንም አላሉም። እሳቸው ዝም ማለታቸው ብቻ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

እሑድ ጠዋት ቁምሳጥኑን ከፈትኩ።

ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ነበር፤ ሁለት ዓመት የተሰቀለ። እጄ ከሠራቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ባለቤቱ ገበሩን ራሱ ነበር ያመጣው፤ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ትንንሽ ነጭ አበባ የፈሰሰበት ያረጀ ሐር። የቤተሰብ ነው፣ እንዳታበላሸው ብሎኝ ነበር። ሁለቴ መጥቶ ለካው፤ በሦስተኛው ቀረ።

ለበስኩት። መስታወት ፊት ቆምኩ። ሰው መሰልኩ። የትኛውን ሰው እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

እናቷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሰውን ሲያቅፉ ክብደቱን የሚገምቱ ይመስላሉ። ታላቅ ወንድሟ መኪና መንዳት ያስተምራል፤ እህቱን የሚያይን ሰው ሁሉ ፍሬን ይፈትሻል። ተቀበሉኝ። አስቀመጡኝ። ወጌሻዋ ከማዶ ሆና በዓይኗ አይዞህ ትለኛለች። ክፍሉ ይሞቃል። እናቷ ኮቴን እንዳወልቅ ነገሩኝ፤ ስለ ስፒሎቹ እያሰብኩ እምቢ አልኩ። ደገሙ፤ እምቢ አልኩ። በሦስተኛው እንደ ራሳቸው ልጅ ከትከሻዬ ላይ ገፈፉት።

ገበሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ።

እናቷ ቆሙ። በአውራ ጣታቸው አንዷን ነጭ አበባ አሻሹ። ቀጥሎ ሌላዋን። ከዚያ ኮቱን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ቀሚሴ ነው» አሉ። «የሠርጌ ቀሚስ።»

ለልጃቸው ሙሽራ ገበር እንዲሆን በገዛ እጃቸው የቀደዱት። ሠርጉ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሁለት መስመር መልእክት ልኮ ከከተማው ለወጣው ሙሽራ።

«ሰውየው አልመጣ ሲል ልብሱ ብቻውን መጣ እንዴ?» አለ ወንድሟ። ማንም አልሣቀም፤ ራሱም አልሣቀም።

ወጌሻዋ ተነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከሱቅ። አልተወሰደም ነበር...»

«አንተ ነህ የሰፋኸው?»

«አዎ።»

«ለማን?»

መሬት ብትከፈት ኖሮ ልኳን ሳልጠይቅ እገባ ነበር። መሬት ግን የሚፈልጓት ቀን አትከፈትም። ስለዚህ ተናዘዝኩ። ግራጫው ኮት የአስተማሪው መሆኑን፣ የዘወትር ሱሪዬ የሒሳብ ሠራተኛው መሆኑን፣ ሸሚዙ የባለሱቁ መሆኑን ተናገርኩ። ያልተጠየቅኩትን ሁሉ ተናገርኩ።

«ካልሲው የራሴ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

ወንድሟ ሳል ያዘው።

ይቅርታ አልኩ። ለእናቷ፣ ለወንድሟ፣ ለእሷ፣ ለምሳው። ወደ በሩ ዞርኩ። እጀታውን ስይዝ ነው ትዝ ያለኝ፦ ኮቱ እሳቸው ጋ ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ስድስቱን ስፒሎች እያዩዋቸው ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። እሷ ነበረች።

ያንን ድምፅ እስከ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

ዘጠኝ ቀን መልእክት ላኩላት። በመጀመሪያው ይቅርታ ጠየቅኩ። በሁለተኛው ስለ መጀመሪያው መርዘም ይቅርታ ጠየቅኩ። አልመለሰችም። እኔም ፈረድኩ፦ ቁስሏን ነካሁ፤ ሰውየውን ገና ትወደዋለች፤ ልብሱ ውስጥ እኔን ስታይ ጠላችኝ። ቢሆንም የተገባኝ ነው አልኩ። የሚያሳፍረው ነገር፣ «የተገባኝ ነው» ስል ትንሽ ቀለለኝ። የለመድኩት ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ያህል።

እትዬ ካውያ አንድ ቀን ካውያቸውን አስቀምጠው ተመለከቱኝ።

«ሸሚዝህ ላይ እድፍ ቢወድቅ ምን ታደርጋለህ?»

«አጥበዋለሁ።»

«ውሸታም። ተንበርክከህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ።»

በአሥረኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ወጌሻዋ ገባች። ከረጢት ይዛለች። ሰላምም አላለችኝ። ኮቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እናቷ ገበሩን እንደሚፈልጉት ነገረችኝ። መቀመጫ ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። ቀጭኗን መቀስ አንስቼ ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን መሸሸጊያ ያገኛል።

«ቁስልሽን በመንካቴ...» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱን ቁስል?»

«እሱን... ገና እንደምትወጂው አላወቅኩም ነበር።»

ቀና ብዬ ሳያት ከመናደድ ይልቅ የተገረመች ትመስላለች።

«እሱን አልቅሼ ጨርሼዋለሁ» አለች። «ሰው ሲለቀስለት ያልቃል። እሱ አልቋል። አንተ ደግሞ ገና አልጀመርክም።»

ክሩ እጄ ላይ ቆመ።

«ሦስት ሳምንት ነበረህ። ለውሻ ሰፍቻለሁ ብለህ አሥቀኸኝ ታውቃለህ። ለውሻ!»

«ጊዜ አጥቼ ነው።»

«ጊዜማ ነበረህ። ለራስህ መስጠት ነው ያሳፈረህ።»

እውነት ነበር። እትዬ ካውያ ጥግ ላይ አንዲት መሐረብ ለአራተኛ ጊዜ ይተኩሳሉ።

«እኔ ቁልፎቼን እየቆረጥኩ የመጣሁት ለአንተ ነው» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንተን መርጬ እናቴ ቤት ጠራሁህ። አንተ ግን አንተን ቤት ትተኸው መጣህ። ያንን ጀርባህን ሳየው... ስፒሎቹን... ማልቀስ አቃተኝ። ራስህን ስትንቅ እኔን እየሰደብክ እንደሆነ ታውቃለህ? ይህች ሴት ዓይን የላትም እያልክ ነው።»

እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ራሴን ማሳነስ ማንንም የማይጎዳ ትሕትና ይመስለኝ ነበር፤ ቢበዛ የእኔ የግል ጉዳይ። ያን ቀን ግን በማፈሬ አፈርኩ። ሌላ ዓይነት እፍረት ነው። የቀድሞው አንገት ያስደፋ ነበር፤ ይሄኛው ቀና ብዬ ፊቷን እንዳይ አስገደደኝ።

ገበሩ ሙሉ በሙሉ ወጣ። እትዬ ካውያ ሳይጠየቁ መጡና ወሰዱት፤ ቀጭን ጨርቅ አልብሰው፣ ካውያውን አቀዝቅዘው፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ አድርገው ተኮሱት። አጥፈው ሰጧት።

«ኮቱስ?» አልኳት።

«የፈለግከውን አድርገው። ብቻ እንዳትለብሰው።»

እመለሳለሁ አላለችም። አልመለስምም አላለችም።

በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ከሰዓት፣ ሱቁን ዘጋሁት። በሥራ ቀን። «ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ሰቀልኩ። የገዛ ሱቄ ውስጥ እንደ ሌባ ሆንኩ። አንድ ደንበኛ ሲያንኳኳ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ፤ እትዬ ካውያ ከላይ ሆነው «አለሁ ለማለት ያፈረ ሰው ዛሬ የለሁም ለማለትም አፈረ» አሉኝ። ሰውየው እስኪሄድ አልወጣሁም።

ሰፊ ራሱን መለካት አይችልም። ክንዱን ባነሳ ቁጥር ትከሻው ይዋሻል። ስለዚህ ሜትሩን ለእትዬ ካውያ ሰጠኋቸው። ኮቴን አወለቅኩ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሸሚዙን አወለቅኩና በካናቴራ ቆምኩ። እሳቸው ቁጥር ሲያነቡ ይጮኻሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ የደረቴን ስፋት ሰማ። ወደ ትከሻዬ መጡ። ከአንገቴ ሥር ወደ ቀኝ ለኩ። ወደ ግራ ለኩ።

«እኩል ነው» አሉ።

«ግራው ያንሳል። እንደገና ይለኩት።»

ለኩ። እኩል ነው። ሦስተኛ ጊዜ ለኩ።

«ልጄ፣ እኩል ነው። የወደቀ ነገር የለህም።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። እትዬ ካውያ ያላዩ መስለው ቀዝቃዛ ካውያ ይዘው ባዶ ጠረጴዛ መተኮስ ጀመሩ። ደብተሩን ከፍቼ አዲስ ገጽ ላይ ልኬን ጻፍኩ። ስም በሚለው ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ «እኔ» ብዬ ጻፍኩ።

ቡናማውን ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት እንደ ጀማሪ አራቴ ለካሁት። ሦስት ረቡዕ ፈጀብኝ። አክስቴ ውስጤ ማውራቷን አልተወችም፤ ግን መቀሱ ሲሠራ ድምፅዋ ይቀንሳል። ኮቱ ሲያልቅ ጀርባው ላይ፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ትንሽ ሽብሽብ ቀረች። ለመፍታት መቀሱን አንስቼም ነበር። ከዚያ አሰብኩት፦ ደንበኛዬ እንዲህ ያለች ሽብሽብ ይዞ ቢመጣ «ምንም አይልም፣ እንዲያውም ያምርብሃል» እለው የለ? ለአራት መቶ ሰው የነገርኩትን ቃል ለአንድ ሰው መንገር ይህን ያህል ከበደኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ።

«ምንም አይልም» አልኩ። ጮክ ብዬ። ለእኔ።

ሰኞ ጠዋት ለብሼው ክሊኒኩ ሄድኩ። ተራ ቁጥር ወስጄ፣ ወገባቸው ከተያዘ አንድ ሽማግሌና እግሯ ከተጠቀለለ ተማሪ መሀል ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ወጌሻዋ መዝገቧ ላይ አቀርቅራ ምን እንዳመመኝ ጠየቀች። መልስ ስታጣ ቀና አለች።

ተነስታ ዙሪያዬን ዞረች። ሁለቱን ትከሻዎቼን በሁለት እጇ ያዘች። ለማን እንደሆነ እስክትጠይቀኝ አልጠበቅኩም።

«ለራሴ ነው የሰፋሁት» አልኳት። «ከኋላ ትንሽ ተሸብሽቧል። ግን ጥሩ ሥራ ነው።»

ጣቷ ሽብሽቧን አገኘቻት። እዚያው ቆየች። ከዚያ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ ስታሳርፍ ተሰማኝ።

«ናፍቀኸኝ ነበር» አለች።

«የትኛው እኔ?»

«ይሄኛው። ሳላየው የናፈቀኝ።»

«እወድሻለሁ» አልኳት። ወደ ኋላዬ አልዞርኩም፤ መልእክቱ የእኔው ነበር።

በር ተንኳኳ። ወገባቸው የተያዘው ሽማግሌ፣ ሰዎች ፍቅራቸውን ከምሳ በኋላ ቢያደርጉት የሚል አስተያየት ሰጡ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ አብረን እናቷ ጋ ሄድን። እናቷ ቀድመው ልጁ ይምጣ፣ ኮት ባይለብስም ይግባ ብለዋት ኖሯል፤ ይህን የሰማሁት ደጁ ላይ ነው። ገበሩን ሁለት የትራስ ልብስ አድርገውታል። ወንድሟ አዲሱን ኮቴን ከላይ እስከ ታች መርምሮ ፍሬኑ ይሠራል አለ። ለሠርጋችን አምስት ወር ቀርቷል። ሙሉ ልብሴን የምሰፋው እኔ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ሱቁ አሁንም ዝግ ነው። አንዳንዴ ከእሷ ጋር እንራመዳለን። ሥራ ስትገባ ደግሞ ብቻዬን መስኮት ዳር ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ምንም አልሠራም፤ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ ተቆጥተው ገቡ። ረቡዕ መጥተው በሩ ተዘግቶ እንዳገኙት ተናገሩ። ሱሪያቸውን አጥፌ ሰጠኋቸው።

«ታመህ ነበር?» አሉኝ።

«አልታመምኩም።»

«ሰው ሞቶብህ ነው?»

«ማንም አልሞተብኝም።»

እትዬ ካውያ ካውያቸውን አንስተው ጠበቁ። ጠበቃው ችሎት ፊት በቆመ ምስክር ላይ እንደሚያፈጥጡ አፈጠጡብኝ።

«ታዲያ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ ዘግተህ ምን ስታደርግ ነበር?»

«አልናገርም» አልኳቸው፤ ይቅርታም አልጠየቅኳቸውም።